በገጠር ቤት ቧንቧ ለመቅበርም ፈቃድ?

የገራዶው፦ በቀበሌው ስብሰባ ላይ የተባለውን ሰማችሁ? ከከተማ ውጭ ያለ ሰውም ቧንቧና ሴፕቲክ ታንክ ከመቅበሩ በፊት ፈቃድ ያውጣ ተባለ። እኛ ደሴ ዳር ያለን ገበሬዎች ነን። ውኃውን ከምንጭ የሳብነው በደቦ ነው። በገዛ ግቢዬ ለምቀብረው ቧንቧ ማንን ነው የማስፈቅደው?

ሳኒተሪው፦ ጋሼ፣ ግቢው የእርስዎ ነው። ፍሳሹ ግን አጥር አያቆመውም። አገሩ ሁሉ ተዳፋት ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከምንጩም በታች ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን ለክቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የገራዶው፦ እኔ ያልኩት በገዛ ግቢዬ ነው። የሰው ምንጭ ላይ ልቆፍር አላልኩም።

ኮምቦልቻ 03፦ የቦርከናን ወንዝ ለዚህ ያበቃው «በገዛ ግቢዬ» ያለ ሁሉ ነው! ከደሴ የሚለቀቀው ወደ እኛ ነው የሚወርደው።

የሆጤ ልጅ፦ የፋብሪካችሁን ፍሳሽስ ማን ለቀቀው? ደሴ ላይ ብቻ ጣት አትቀስሩ።

ሕግ አንባቢ፦ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ሲወጣ ያተኮረው በከተማ አስተዳደሮችና 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነው። ከከተማ ውጭ የጠቀሰው የሕዝብ መገልገያ ሕንፃን፣ ኢንዱስትሪንና ሪል ስቴትን ነው። የገበሬ ቤት እዚያ ውስጥ የለም። ታዲያ ቀበሌው በምን ሥልጣኑ ነው የሚጠይቀው?

እመት ዘሃራ፦ እኔን የሚያናድደኝ ምልልሱ ነው። ልጄ በአንድ መሥሪያ ቤት «ካርታ አምጣ» ተባለ። የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር እንጂ ካርታ ከየት ያመጣል? ወላሂ፣ ሦስት ቢሮ አንከራተውት ሥራው ክረምት ገባበት።

ሳኒተሪው፦ እመት፣ ምልልሱ ይቅር፤ እሱ ላይ አብረን እንጩህ። ፍተሻው ግን አይቅር። በአንድ ግቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሮቶው ያለ ቼክ ቫልቭ (ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መዝጊያ) በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር ተገናኝቷል። መስመሩ ላይ ያለው መጋጠሚያ ላልቶ ቦይ ውስጥ ተኝቷል። በፈረቃ ውኃው ሲቋረጥ መስመሩ ባዶ ይሆንና የቦዩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ሲመለስ የጎረቤት ልጅም ይጠጣዋል። ይኼም በገዛ ግቢው ነው።

የገራዶው፦ እኛ ጋ ምን ፈረቃ አለ? የምንጭ ውኃ ነው እያልኩህ!

ሳኒተሪው፦ ምንጩን ስንት ቤት ይጠጣዋል?

የገራዶው፦ መንደሩ በሙሉ።

ኮምቦልቻ 03፦ ይኸው፣ በራስዎ አፍ ተናገሩት።

የገራዶው፦ ምን ተናገርኩ? ምንጩን ያጠርነው፣ በየዓመቱ የምንጠርገው እኛው ነን። አንድም የቢሮ ሰው አካፋ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ፍተሻ አማራቸው?

ሕግ አንባቢ፦ የውኃ ኮሚቴው ራሱ ርቀቱን ለክቶ ይፍቀድ። ማኅተም ምን ያደርጋል?

ሳኒተሪው፦ ኮሚቴው የዘመዱን ጉድጓድ ድፈን ይላል?

እመት ዘሃራ፦ ቢሮውስ የዘመዱን ይላል እንዴ?

የሆጤ ልጅ፦ ኮምቦልቻ 03፣ የፋብሪካውን ነገር እኮ አልመለስክም።