ከአንድ ዓይን የተወሰዱ ስቴም ሴሎች ውጤታቸው ለምን ይለያያል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ በግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ኖራ ገብቶበት የቀኝ ዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኗል፤ ግራው ደህና ነው። ሐኪሙ ከደህናው ዓይን ስቴም ሴል (እየተራባ ያረጁ ሴሎችን የሚተካ መሠረታዊ ሴል) ተወስዶ፣ በላቦራቶሪ ተባዝቶ የሚተከልበት ሕክምና በውጭ አገር እንዳለ፣ ነገር ግን ለሁሉም ታካሚ እንደማይሳካ ነገረን። ሴሉ ከራሱ ከታካሚው፣ ከትክክለኛው ቦታ ከተወሰደ ውጤቱ ስለምን ይለያያል? ከሆድ ስብ በሚወጣ ስቴም ሴል ዓይን እናድናለን የሚሉትን ማስታወቂያዎችስ ማመን ይቻላል?

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደብረ ሲና
እግዚአብሔር ይማርልዎ። ስቴም ሴሎች ከአንድ ቦታ ቢወሰዱም አንድ ዓይነት አይደሉም። የብሌንን ሽፋን የሚያድሱት የሚገኙት የዓይን ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ 1 ወይም 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ተወስዶ ሲባዛ፣ አብዛኞቹ ሴሎች ለጥቂት ጊዜ ተራብተው ያቆማሉ፤ ለዓመታት ሽፋኑን ሊያድሱ የሚችሉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ባራንዶንና ግሪን እ.ኤ.አ. በ1987 የቆዳ ሴሎችን አንድ በአንድ ለይተው በማሳደግ ይህን ልዩነት አሳይተዋል፤ እጅግ የሚራባውንም ሆሎክሎን ብለውታል።

ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ግን በጣሊያን 112 ታካሚዎች ታክመው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ይመስለኛል። እነዚያ ብርቱ ሴሎች ፒ63 የተባለ ፕሮቲን በብዛት ስለሚይዙ መለየት ይቻላል። መራባት ከሚችሉት ሴሎች መካከል ድርሻቸው ከ3 በመቶ ሲበልጥ ሕክምናው ለ78 በመቶው ታካሚ ተሳካ፤ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ግን የተሳካው ለ11 በመቶው ብቻ ነው። ሕክምናው ሆሎክላር በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ ኅብረት ተፈቅዷል።

የዓይን ክፍል ነርስ፣ ትውልዴ መንዝ
መምህሩ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው፣ ጠርዙ የተቃጠለ ዓይን ከለጋሽ የተወሰደ ብሌን ብቻውን ቢተከልለት ሽፋኑን የሚያድስ ሴል ስለሌለው ተመልሶ ሊደበዝዝ እንደሚችል ነው። በአዲስ አበባ የብሌን ንቅለ ተከላ ስለሚሠራ፣ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት የጠርዙ ሁኔታ እንዲመረመር አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ስለ ሆድ ስቡ፣ እባክዎ ወንድምዎን ከዚያ ይጠብቁት። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ከስባቸው የወጣ ሴል ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች ብርሃናቸውን እንዳጡ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። የስብ ሴል የብሌንን ሽፋን ሴል ሥራ አይሠራም። የትኛውን ሴል፣ ከየት እንደሚወስዱና ከመስጠታቸው በፊት በምን እንደሚለኩት በግልጽ የማይናገሩ ሰዎች ገንዘባችሁን ሊቀበሉ አይገባም።

የሕክምና ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን
በሁለቱም መልሶች እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁሉም ነገር በሴሉ ላይ ብቻ አይወሰንም። የዓይኑ ቆብ በደንብ የማይከደን፣ እንባው የደረቀ ወይም ብግነቱ ያልበረደ ከሆነ የተመረጠው ሴልም ላይጸና ይችላል። ስለዚህ ወደ ውጭ ለመሄድ ከማሰባችሁ በፊት እነዚህ እዚሁ ይታዩለትና ይታከሙለት፤ ለጋሽ የሚሆነውን የግራ ዓይኑንም በሥራ ቦታ በመከላከያ መነጽር ይጠብቅ።