የ94 ዓመት እናቴ ሄሞግሎቢን 5.8 ሆነ፤ ደም ይሰጣት ወይስ ይቅር?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ወገኖቼ፣ እናቴ 94 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው እኔ ቤት ነው። ልቧም ኩላሊቷም ደክመዋል፤ ሁለት ሐኪሞች ፈርመው ከየካቲት ጀምሮ በሆስፒስ (በሕይወት መጨረሻ ለማዳን ሳይሆን ሕመምን ለማስታገስ በሚሰጥ) እንክብካቤ ሥር ናት። ባለፈው ሳምንት ከንፈሯና መዳፏ ነጣ። ነርሷ ደም ወስዳ ስታስመረምር ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 5.8 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት ደግሞ 12 እና ከዚያ በላይ ነው የሚፈለገው። ሦስት እርምጃ ተራምዳ ትንፋሽ ያጥራታል። ቡናዋን ግን በረካ ሳትጠጣ ሲኒ አታስነሳም።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «አሜሪካ ውስጥ ደም ጠፋ?» ይለኛል። አክስቴ ቀይ ሥር ጨምቂላት ስላለችኝ ወጥ ቤቴ ሉካንዳ መስሏል። ሆስፒሱ ደም አንሰጥም፣ ከፈለጋችሁ ፈርማችሁ ውጡ ይላል። ደሙ ምን ያህል ይጠቅማታል? ይቅር ብልስ፣ ገደልኳት ማለት ነው?

የሆስፒስ ነርስ (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የሐኪሟን ቃል ባይተካም የማውቀውን ልንገርሽ። አንድ ከረጢት ደም ሄሞግሎቢንን በ1 ገደማ ነው ከፍ የሚያደርገው። 5.8 የነበረው 6.8 ቢደርስ ነው። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ልብ ለደከመበት ሰው በዝግታ ካልተሰጠ ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀምና ለትንፋሽ ብለን የሰጠነው ደም ትንፋሽ ያሳጣል። ኩላሊት ሲደክም መቅኒን ደም እንዲሠራ የሚያዝዘው ሆርሞን ያንሳል፤ የእናትሽም ምክንያቱ ይህ ከሆነ በጥቂት ሳምንታት ተመልሶ ይወርዳል።

ከቁጥሩ በፊት ሰገራዋን እዪ። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ከሆነ ጨጓራዋ እየደማ ሊሆን ይችላል። አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች? ሐኪሟን አማክራችሁ ማቆሙ ከደሙ የበለጠ ሊጠቅማት ይችላል። የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቀይ ሥር ደግሞ ያቀላዋል። ስለ ጭማቂው ለነርሷ ንገሪያት፣ በከንቱ እንዳትደነግጥ።

ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ለሆስፒስ የሚከፍለው በየቀኑ ቁርጥ ሂሳብ ነው፤ ደም ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ አይሰጡም። ጥቂቶቹ ግን ለማስታገሻ ይፈቅዳሉ፤ የሕክምና ኃላፊውን በቀጥታ አነጋግሪ። ወጥቶ ደሙን ወስዶ እንደገና መመዝገብም ይቻላል።

ገደልኳት ወይ ላልሽው፣ አይደለም። የሚገድላት ሕመሟ ነው። ለትንፋሹ ከወገቧ ቀና አድርገሽ አስቀምጫት፤ ትንሽ ማራገቢያ ፊቷ ላይ ይንፈስ። ጥቂት ሞርፊንም ይረዳል፤ ኩላሊቷ ስለደከመ ግን ዓይነቱንና መጠኑን ሐኪሙ ይምረጥ።

አባቱን ያስታመመ፦
አባቴ 91 ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደም አሰጠነው። ከመጀመሪያው በኋላ ተነሥቶ ገበታ ቀረበ፣ እንጀራውን በራሱ እጅ ቆርሶ ባረከን፤ ሦስት ሳምንት ያህል ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ስንጠብቅ አደርን፤ የደም ሥሩ አልገኝ ብሎ ክንዱ በላልዞ ተመለሰ። ለውጥም አላየንም። የመጀመሪያው አይጸጽተኝም። ሁለተኛው የተደረገው ለእሱ ሳይሆን ለእኛ ነበር። ለመሆኑ እናትሽ ራሳቸው ምን አሉ?

ጠያቂ፦
አፍሬ ነው የምጽፈው፤ ለካ ሁላችንም ስንከራከር እሷን የጠየቃት የለም። ዛሬ ከቡናው በኋላ ጠየቅኋት። «መርፌው የት ነው የሚገባው? ስንት ሰዓት ነው የሚያስተኙኝ?» ብላ እንደ ገበያተኛ መረመረችኝ። ከዚያም «አንድ ጊዜ እሺ። ለሁለተኛው ግን እኔን ሳትጠይቁ እንዳትወስዱኝ» አለች። ሰገራዋ አልጠቆረም፤ አስፕሪኗን ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በእጄ ስሰጣት ኖሬአለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ የሕክምና ኃላፊው ይደውልልኛል።

ቀይ ሥሩን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚልኝ ብላለች። ለአክስቴ ራሷ ትንገራት።