ክርክር፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ኮርሱን በፍላጎቱ ይምረጥ ወይስ ሥራ ባለበት?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣችው እዚሁ ባሕር ዳር ኢኮኖሚክስ የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አብዛኛው ኮርስ ግዴታ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አሁን ግን በራሷ የምትመርጠው አንድ ኮርስ ደርሷታል። ልቧ ያለው የተፈጥሮ ሀብትና የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ላይ ነው። ቤተሰቦቿና ጓደኞቿ ደግሞ "የባንክና ፋይናንሱን ውሰጂ፣ እንጀራ ያለው እዚያ ነው" ይሏታል። የመመረቂያ ጥናቷም የምትመርጠውን ኮርስ ተከትሎ ስለሚሄድ ነገሩ ቀላል አይደለም። እሷም እዚሁ አለች፣ ታነባለች። ሐሳብን በሐሳብ እንሞግት፣ ሰውን አንንካ።

የባንኩ ሰው፦
እኔ ልጀምር። ባንክ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ለሥራ ሲመጣ የሚጋፋው ከአካውንቲንጉና ከማኔጅመንቱ ልጅ ጋር ነው። ብድር ጠያቂ ፊቱ ተቀምጦ የሂሳብ መግለጫ ማንበብ ካልቻለ፣ ስለ ደን ዋጋ ማወቁ አያድነውም።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ራሱ የፋይናንስ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይተመን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። ብሔራዊ ባንክም የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ መምራት ጀመረ፣ በ15 በመቶ ተነስቶ። በ2017 የውጭ ባንኮች የሚገቡበት አዋጅ ጸደቀ፣ የአክሲዮን ገበያውም ሥራ ጀመረ። ይህን ለደንበኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ወጣት አጥተናል። እህቴ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን አትጣይ። ባንኩን ውሰጂ።

ከሽምብጥ፦
ልጆች፣ እኔ የእናንተን ያህል አልተማርኩም። ሁለት ልጆች ግን ዩኒቨርሲቲ አስገብቻለሁ። ትልቁ ደስ ያለውን ተምሮ ተመረቀ። ቤት ከዋለ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠዋት ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ሊያነብ ይወጣል፣ የታክሲ እሰጠዋለሁ። የሚያመኝ ብሩ አይደለም። እጁን ሲዘረጋ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። እሱ ነው የሚያመኝ።

ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ተማሪው ወጪ መጋራት ይፈርማል፣ ግን ሙሉው ወጪ በእሱ ላይ አይወድቅም። ታዲያ የገበሬው ግብር ለአንድ ልጅ ፍላጎት ነው ወይ የሚወጣው? አገር የሚያስፈልጋትን ይማር ብል ጥፋቱ ምንድን ነው?

ጣና ዳር፦
አባባ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጅዎን ዓይን አውቀዋለሁ። እኔም ተመርቄ ሰባት ወር እንደዚያው ነበርኩ። ግን ያዳነኝ የመረጥኩት ነገር ነው። ልንገርዎት።

ለመመረቂያ ጥናቴ የጣናን ዓሣ ወሰድኩ። ጓደኞቼ "ማን ይቀጥርሻል?" አሉኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር እደርሳለሁ። ታንኳዎቹ ይመጣሉ፣ ቀረሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ይራገፋል። አንድ ቀን አንድ አጥማጅ መረቡን አንስቶ "ጣትሽን አስገቢ" አለኝ። አስገባሁ። ከአንድ ጣት በላይ አያስገባም። "ጥንት ሦስት ጣት ያስገባ ነበር" አለኝ። ታዲያ ለምን በዚህ ታጠምዳለህ ስለው፣ "ትንሿን እኔ ብተዋት ጎረቤቴ ይይዛታል" አለኝ።

ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። የጋራ ሀብት ችግር የሚለው ምዕራፍ ይህንኑ ነው የሚናገረው። ጋሬት ሃርዲን የሚባል ሳይንቲስት በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሀብት መጨረሻው ማለቅ ነው ብሎ ጻፈ። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ እርስ በርስ ተጠባብቀው ሀብታቸውን ማቆየት እንደሚችሉ ከብዙ አገር ማስረጃ ሰበሰበች። በዚህ ሥራዋ በ2009፣ ይኸም እንደ አውሮፓውያን፣ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። እኔ ሁለቱን ሳነብ የማየው ያንን መረብ ነበር። በክረምት ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው ማነው? የሚከለክለውስ? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

እና አባባ፣ ኢኮኖሜትሪክስን፣ ማለትም ኢኮኖሚን በስታትስቲክስ መለካትን፣ የቻልኩት በዚያ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲ አግኝቼበት ነበር። የራሴን መረጃ ስይዝ ግን ስታታ የሚባለው የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ላይ አድሬ ተማርኩት። ዛሬ የምሠራው መረጃ መሰብሰብና መተንተን ነው፣ ዓሣ ላይ አይደለም። የቀጠሩኝ የጥናቴን ሠንጠረዦች አይተው ነው።

አባይ ማዶ፦
እኔ አራተኛ ዓመት ነኝ። እውነቱን ላውጣው? እኛ ክፍል በፍላጎትም በሥራም የመረጠ ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን የመረጥነው "እሱ መምህር ኤ ይሰጣል" ስለተባለ ነው። አሁን ኤግዚት የሚባለው የመውጫ ፈተና ደርሷል። ከ2015 ጀምሮ ካላለፍክ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ነው። የሚያስጨንቀኝ ማይክሮ፣ ማክሮና ኢኮኖሜትሪክስ ነው። ያ ኤ ለዚህ ምንም አልጠቀመኝም። ይቆጨኛል።

የቁጥር መምህር፦
አባይ ማዶ፣ ስለተናገርክ ተባረክ። ይህን ነገር ለዓመታት አያለሁ። ተማሪ መጥቶ "የልማት ኢኮኖሚክስ እወዳለሁ" ይለኛል። ትንሽ ስንጫወት "ሂሳብ እፈራለሁ" ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል። ከፍርሃት የተነሳ ምርጫ ፍላጎት ሊባል አይገባም። ካልኩለስ፣ ስታትስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ለሁሉም ግድ ናቸው፣ ባንክ ለሚገባውም ዓሣ ለሚቆጥረውም። እነሱን ሳይዙ የምርጫ ኮርስ መውሰድ ግድግዳ ሳይቆም ጣራ እንደመምታት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ፍላጎት ይምራ እላለሁ። ብቻ ፍላጎት ስል የኮርስ ስም መውደድ ማለቴ አይደለም። የማይለቅህ ጥያቄ አለህ ወይ? እዚሁ አካባቢያችንን ተመልከቱ። ቆጋ 7000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ግድብ ነው። እዚያው ሜጫ ውስጥ ግን ገበሬው ጤፍ ይዘራበት የነበረውን ማሳ ባሕር ዛፍ ያደርገዋል። ለምን? የማዳበሪያው ዋጋ ነው? የጉልበት እጥረት ነው? ይህ ጥያቄ የያዘው ልጅ የግብርና ኢኮኖሚክስ ይውሰድ፣ አይሰለቸውም። ዶላሩ ሲወጣ ዘይትና ስኳር ምን ያህል እንደተከተሉት የሚከነክነው የዓለም አቀፍ ንግዱንና የገንዘቡን ይውሰድ። እህቱ እኩል ሠርታ ለምን አነስ ያለ እንደሚከፈላት የሚጠይቅ ካለ የሥራ ኢኮኖሚክስ ይጠብቀዋል። የኢኮኖሚክስ ምሁሯ ክላውዲያ ጎልዲን በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቤል የተሸለመችው በሴቶች ሥራና ገቢ ላይ የ200 ዓመት መዝገብ አገላብጣ ነው።

አገራችን ለምን ጥሬ ዕቃ ሸጣ ያለቀለት ዕቃ እንደምትገዛ የሚያብከነክነው ደግሞ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን አይናቀው። ገብረሕይወት ባይከዳኝ ይህን ነገር ያነሳው ከ100 ዓመት በፊት ነው፣ ያውም በአማርኛ። ይህን ሳያውቅ የሚመረቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ማየት ያሳዝነኛል።

አባባ ስለ ግብሩ ላሉት፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ግን እምቦጭ ጣናን ከወረረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል የሚያጠፋው ቀን ስንት ያወጣል? የከብቱ ግጦሽ፣ የአጥማጁ መንገድ ሲዘጋስ? ይህን በብር ተምኖ ለመንግሥት የሚያቀርብ ሰው የሚወጣው እቺ ልጅ ልትወስደው ካሰበችው ኮርስ ነው። ይኸም አገር የሚያስፈልጋት ነው።

የባንኩ ሰው፦
መምህር፣ በሂሳቡ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ላስታውስ። የቅጥር ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው "ኢኮኖሚክስ ወይም ተዛማጅ" ነው። የምርጫ ኮርሷን ስም ቆጥሮ የሚቀጥር የለም። ነጥቧን ነው የሚያዩት፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ነው።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ክርክሩን ለእኛ ሰጠኸን። የኮርሱን ስም ማንም ካላየው፣ በስሙ ምክንያት ባንኩን መውሰዷ ምን ትርፍ አለው? የተሻለ ነጥብ የምታመጣው ልቧ ባለበት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይም ዓይኗ በርቶ የምታወራው እሱኑ ነው።

የባንኩ ሰው፦
በስሙ አልኩ እንጂ በይዘቱ አላልኩም። የሂሳብ መግለጫ ማንበብ ይዘት ነው። ያን ካልተማረች ፈተናው ላይ ትወድቃለች። ከዚህ ፈቀቅ አልልም።

ግን ስለ ዓሣው ያልሽውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአጥማጆች ማኅበር ብድር ጠይቆ ፋይሉ እኔ ጋር መጥቶ ነበር። የቤት መያዣ የላቸውም። በጾም ወቅት ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ገቢያቸው በዚያን ጊዜ ይጨምራል። እኔ ግን ይህን ብድር አከፋፈል ላይ እንዴት እንደማስገባው አላወቅኩም። "መያዣ የለም" ብዬ መለስኩት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥናት የሠራ ሰው አጠገቤ ቢኖር ሌላ መልስ እሰጥ ነበር።

ዘጌ፦
በዚህ ንግግር ብቻ ሺህ ላይክ ይገባሃል ወንድሜ።

ከሽምብጥ፦
መምህር፣ ስለ ገበሬው ያሉት ገብቶኛል። አሁንም ግን ልጄ ምን ያድርግ? እሱ ተመርቋል፣ ኮርስ መምረጥ አልፎታል።

የቁጥር መምህር፦
ጋሼ፣ አላለፈውም። ኤክሴሉን አጥብቆ ይያዝ፣ ከዚያ ስታታ ይልመድ። የራሱን ጥናት አውጥቶ እንደገና ይተንትነው። የጥናት ድርጅቶች መረጃ ሰብሳቢ ሲቀጥሩ ይሂድ፣ ቀን ሥራ ነው ብሎ አይናቀው። ብዙዎቹ የማውቃቸው ከዚያ ነው የጀመሩት። ኮምፒውተር ከሌለው በውስጥ ይጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የምረዳቸው ልጆች አሉ፣ ከእነሱ ጋር ይቀመጥ።

ከሽምብጥ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤት ውስጥ ይህን ሳነሳ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እዚህ ግን ሰማችሁኝ።

የአካባቢውን ኮርስ እወስዳለሁ። የባንኩ ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ስለሆነ የሂሳብ መግለጫ ማንበብን በራሴ እማራለሁ። አንድ የቆየ፣ የባለቤቱ ስም የተሰረዘበት መግለጫ ብትልክልኝ በእሱ እጀምራለሁ። ለአባቴ ደግሞ ስለዚያ የአጥማጆች ማኅበር ብድር የጻፍከውን አሳየዋለሁ። የባንክ ሰው ሲናገር ይሰማል።

ጣና ዳር፣ ጥናቴን መረቡ ላይ ልሥራው? አንቺ ከሠራሽው ወዲህ ምን እንደተለወጠ ማየት እፈልጋለሁ።

ጣና ዳር፦
ሥሪው እንጂ! መጠይቄን እልክልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የመረቡን ዓይን በሴንቲሜትር ብለሽ አትጠይቂ። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ ጠይቄ 20 ሰው የማይሆን መልስ ሰጠኝ። "ስንት ጣት ያስገባል?" ብለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ራስሽ ለኪው።

ዘጌ፦
አጎቴ እዚህ ያጠምዳል። ስትመጪ አሳውቂኝ፣ ከጀልባው ወደብ እቀበልሻለሁ። ግን በጠዋት ነይ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁሉም መረቡን ሊጠግን ወደ ቤቱ ይገባል።