በክረምት ዕረፍት አሜሪካ ሄዶ በሕጋዊ መንገድ ስለ መሥራት

ጠያቂ (ደሴ)፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ደላላ፣ ፓስፖርቴንና ቅድሚያ ክፍያ ከሰጠሁት በጎብኚ ቪዛ ገብቼ ክረምቱን ሆቴል ውስጥ መሥራት እንደምችል ነገረኝ፤ ደረሰኝ ስጠይቀው ግን «በእኛ መካከል መተማመን ይበቃል» አለኝ። ሕጋዊው መንገድ የትኛው ነው?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ፓስፖርትህን እንዳትሰጠው። በጎብኚ ቪዛ ተቀጥሮ መሥራት ክልክል ነው። ለተማሪዎች የተዘጋጀው በጄ-1 ቪዛ የሚካሄደው የክረምት ሥራና ጉዞ መርሐ ግብር ሲሆን፣ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ያጠናቀቀና በመደበኛ ትምህርት ላይ ያለ፣ እንግሊዝኛም በበቂ ሁኔታ የሚችል ተማሪ ቢበዛ ለ4 ወራት እንዲሠራ ይፈቅዳል። ስፖንሰሩ፣ ማለትም መርሐ ግብሩን የሚያካሂደው ድርጅት፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕውቅና የተሰጠው መሆን ስላለበት፣ ስሙን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ራስህ አረጋግጥ። ለጄ-1 ቪዛ ለማመልከት የሚያስፈልገውን ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ የሚሰጥህም እርሱ ነው።

ሌላ መልስ (ደሴ)፦ ከእኛ አገር ለሚሄድ ተማሪ ሥራው አስቀድሞ የተገኘ መሆን አለበት፤ «ደርሼ እፈልጋለሁ» ማለት አይሠራም። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከብደው ግን ትምህርትህን ለመቀጠል እንደምትመለስ ቆንስሉን ማሳመን ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ካሌንደር በየዓመቱ ስለሚዛባ፣ ዕረፍቱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ያዝ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ለደብዳቤው ሰኞ ሬጅስትራር እሄዳለሁ።