ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ፤ አፑ ነው ወይስ መምህሯ የተሳሳተችው?

ጠያቂ፦ ልጆች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ 2 ሰዓት የቻይንኛ ቃል ጽሕፈት አለን። በየተራ ወጥተን ሰሌዳ ላይ ነው የምንጽፈው፤ መምህሯ ከኋላ ቆማ እጃችንን ታያለች። ዛሬ «ቲየን»ን ጻፍኩ (እርሻ ማለት ነው፣ ያቺ አራት መስታወት ያላት መስኮት የምትመስለው)። ቅርጿ ልክ ነው። እሷ ግን «ቢሹኑ (የጭረቱ ቅደም ተከተል) ስህተት ነው» ብላ አጠፋችብኝ። የጭረቱን ቅደም ተከተል አፑ እንዳሳየኝ ነው የጻፍኩት! «ዋንግ» (ንጉሥ) ላይም እንዲሁ አለችኝ። ገና 40 ፊደል ይቀረኛል።

ሻይ በዝንጅብል፦ 2 ሰዓት በማን? በቻይና 2 ሰዓት ከሆነ ሌሊት ነው፤ ተኚ።

ጠያቂ፦ በሀበሻ! በናትህ አትቀልድ።

የጓንጁ ነጋዴ፦ ቢሹን ምናምን ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ 6 ዓመቴ ነው፤ በእጄ የምጽፈው ስሜን ብቻ ነው። ፒንዪን (ቻይንኛውን በላቲን ፊደል) ትነኪያለሽ፣ ስልኩ ፊደሉን ያመጣልሻል። ሀ ሁ ስንቆጥር «ከየት ጀመርክ?» ያለን ሰው አለ እንዴ?

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ ፈተና ላይ ስልክ አይፈቀድም።

ቀጥታ መስመር፦ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። በቃ።

ጋሽ ደብተሬ፦ ልጄ፣ ነጋዴውን አትስሚው። ቻይናዎች ፈጥነው ሲጽፉ ጭረቱ እርስ በርሱ ይያያዛል። የሚያያዘውም በቅደም ተከተሉ ነው። ያንን የማያውቅ ሰው በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ማንበብ ይቸግረዋል። በ1997 እኤአ ለ7,000 ፊደላት የጭረት ደንብ አውጥተዋል፤ ቀልድ አይደለም። አግዳሚው ከቋሚው ይቀድማል። «ሺ» የኛን «ተ» ትመስላለች፤ መጀመሪያ አግዳሚዋ ናት። (ሺ ማለት እነሱ ጋ አሥር ነው፤ ገበያ ላይ እንዳትሸወጂ።) «ሬን» (ሰው) ደግሞ «ለ»ን ትመስላለች፤ የግራው እግር ይቀድማል። የጭረት ዓይነቶችን ስናይ ደግሞ...

ሻይ በዝንጅብል፦ ጋሼ፣ እስኪጨርሱ ፈተናው ያልፋል።

ቀጥታ መስመር፦ ብያለሁ እኮ። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

የዉሃን ተማሪ፦ እህቴ፣ አፕሽ ላይ «ካንጂ» የሚል ጽሑፍ አለ? ካለ የጃፓንኛ ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ጃፓን «ቲየን» ላይ ከሳጥኑ ውስጥ ቋሚዋን ታስቀድማለች። ቻይና አግዳሚዋን፣ ከዚያ ቋሚዋን፣ መጨረሻ ላይ የታችኛውን መዝጊያ። «ዋንግ»ም እንደዚያው ነው፦ ቻይና ሁለት አግዳሚ፣ ቋሚ፣ ከዚያ የታችኛው አግዳሚ። ጃፓን ቋሚዋን ከመጀመሪያው አግዳሚ ቀጥሎ ትጥላለች። «ዮው» (ቀኝ) ላይም ተጠንቀቂ፤ በቻይና በአግዳሚው ነው የሚጀመረው።

ጠያቂ፦ ወይኔ ጉዴ! ካንጂ ይላል! ዶርም ያለች ልጅ ናት የሰጠችኝ። መምህሯን ስሰድባት ነው የዋልኩት። «ኽዎ» (እሳት)ስ?

የዉሃን ተማሪ፦ ሁለቱን የጎን ጭረቶች አስቀድሚ፣ ከዚያ መሀሉ ላይ «ሬን»ን ጻፊ። «ሽዌ» (ውሃ) ግን ተቃራኒ ነው፤ መሀሉ ይቀድማል። ሳጥን ያለበት ፊደል ሲመጣ በሩን ክፈቺ፣ ዕቃውን አስገቢ፣ ከዚያ ዝጊ። «ጉዎ» (ሀገር) 8 ጭረት ነው፤ የታችኛው መዝጊያ 8ኛው ነው። «ኮው» (አፍ) 3 ጭረት ናት፤ እንደ «ዐ» አዙረሽ በአንዴ እንዳትጽፊያት፣ መምህሯ ትጮኻለች። አሁን አፑን አጥፊና ባለ ካሬ ደብተርሽን አውጪ። የደብተሩ ስም ራሱ ከ«ቲየን» ነው የመጣው፤ ካሬዎቹን እያቸው።

ቀጥታ መስመር፦ ከላይ ወደ ታች ብል ማን ይሰማል። ውሃ እንኳ ከመሀል ይጀምራል አሉኝ።

ጠያቂ፦ ተባረክ! ልጽፍ ሄድኩ።

ጋሽ ደብተሬ፦ ልጄ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?

ሻይ በዝንጅብል፦ ሶስት ቀን ሆናት። ወይ አልፋለች ወይ ተሳፍራለች።

የጓንጁ ነጋዴ፦ የዉሃን ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ቻይናዎቹ ያወጡልኝ ስም ውስጥ «ጉዎ» አለች። 6 ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ሳጥኑን ዘግቼ ነው የምጽፋት። ውል ላይ ችግር አለው እንዴ?