አንድ ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ ካርድ መምታት ምኑ ነው ጥበብ?

ቀልቤ_ጠፋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስለ ቴቺንግ ሺዬ ሳነብ አደርኩ። ታይዋን ተወልዶ ኒውዮርክ የኖረ አርቲስት ነው። ከሚያዝያ 1980 እስከ ሚያዝያ 1981 (በፈረንጆቹ) ሌትም ቀንም በየሰዓቱ እየተነሳ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ የሚመታውን የሰዓት ካርድ ሲመታ ከረመ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ሥዕል የምሞካክር ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ትንሽ አናደደኝ። ይሄ ጥበብ ከተባለ እናቴ አምስት ልጅ ስታሳድግ ሌሊት ሌሊት የተነሳችውስ ምን ሊባል ነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የፒያሳዋ፦ ፊልሙን አላየኸውም ማለት ነው። ካርዱን በመታ ቁጥር አንድ ፍሬም ይቀረጽ ነበር። ሲጀምር ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ዓመቱ ተጨምቆ 6 ደቂቃ ገደማ ሆነ፤ ፀጉሩ እያደገ ትከሻው ላይ ሲወርድ ታያለህ፣ ሰውየው ግን ያንኑ የሠራተኛ ልብስ ለብሶ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። እኔ እንኳ ስለ ጥበብ ብዙም አልፈላሰፍም፣ ፀጉሩ ግን አስፈራኝ።

ናይት_ሺፍት፦ እኔ አሜሪካ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ ሌሊት። ፓንች ማድረግን ለኔ ተዉልኝ 😂 7 ደቂቃ ካረፈድኩ አለቃዬ ፊቱን ያጠቁራል። ይሄ ሰው 8,760 ጊዜ መምታት ነበረበት፣ 133ቱ አምልጠውታል፣ 94ቱ እንቅልፍ ጥሎት ነው። አልደበቀውም፣ አንድ በአንድ መዝግቦታል። ደግሞ ያኔ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ በ1974 ከመርከብ ወርዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። መሥራት ያልተፈቀደለት ሰው፣ ደመወዝ ለማይከፍል ማሽን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፉን ሲገብር አስቡት። እኔ እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

ቁጭ_ብድግ፦ አርቲስቷ ማሪና አብራሞቪችስ? በ2010 ኒውዮርክ ሞማ ሙዚየም ውስጥ 736 ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ፊት ለፊቷ እየተቀመጠ ያለቅሳል። የኛ አባቶች ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ማን ተሰልፎ አለቀሰላቸው?

የፒያሳዋ፦ @ቁጭ_ብድግ እነሱ መች እዩኝ ብለው ቆሙ? ለፈጣሪ ነው የቆሙት። አታደባልቀው እንጂ።

ቀልቤ_ጠፋ፦ ፊልሙን አሁን አየሁት። እሺ፣ ንዴቴ በረደ። የእናቴን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ናይት_ሺፍት፦ ስንት ጊዜ እንደተነሳች ራሷን ጠይቃት።

ቀልቤ_ጠፋ፦ ደወልኩላት። «ማን ቆጥሮት! አንተ ግን በዚህ ሰዓት ምን ሆነህ ነው ያልተኛኸው?» አለችኝ።