48 ተማሪ፣ 12 ኮምፒውተር፦ የኤሌክትሪክን ምዕራፍ እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ (ከፊዚክስ መምህር)

የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት የኤሌክትሪክን ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር በፕሮጀክተር አስተማርኩ። ስላይዶቹን ሌሊት እየተቀመጥኩ በጥንቃቄ ያዘጋጀኋቸው ከመሆናቸውም በላይ ተማሪዎቹ በጸጥታ ይከታተሉ ስለነበር ትምህርቱ የገባቸው መስሎኝ ነበር፤ ፈተናው ሲታረም ግን ውጤታቸው በጠመኔ ካስተማርኳቸው ምዕራፎች ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። አሁን ምዕራፉን ልከልሰው አስቤአለሁ። ተማሪዎቼ 48 ናቸው፤ በኮምፒውተር ክፍሉ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 12 ብቻ ሲሆኑ ኢንተርኔቱም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙበት ይቆማል። ፕሮጀክተሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው? ኮምፒውተሮቹንስ እንዴት ላብቃቃቸው?

መልስ ("ጠመኔ" ከተባሉ መላሽ)

ፕሮጀክተሩን አይተዉት፤ ሥራውን ይቀንሱለት። መምህር በሰሌዳ ላይ ቀመር ሲያወጣ የእጁ መዘግየት ራሱ ለተማሪው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ስላይድ ግን አምስቱን መስመር በአንድ ጊዜ ስለሚዘረግፈው ተማሪው ማሰቡን ትቶ መገልበጥ ይጀምራል። ያዩት ጸጥታ የግልበጣ ጸጥታ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሥዕሉንና ንድፉን በፕሮጀክተር ያሳዩ፤ ስሌቱን በእጅዎ ይሥሩ። በስላይዱ ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ ቃል በቃል አያንብቡላቸው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ባደረጋቸው ጥናቶች ሥዕልን በንግግር ብቻ ማስረዳት ያንኑ ንግግር በጽሑፍም ደግሞ ከማሳየት የተሻለ ውጤት ሰጥቷል። በፓወር ፖይንት ስላይድ እያሳዩ ሳለ የእንግሊዝኛውን የ"ቢ" ፊደል ቢጫኑ ስክሪኑ ስለሚጠቁር ዓይናቸው ወደ ሰሌዳው ይመለሳል፤ ይህችን ቁልፍ የሚያውቅ መምህር ጥቂት ነው፣ ጥቅሟ ግን ብዙ ነው።

መልስ (ከቤተ ሙከራ)

አራት ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ሲቀመጥ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሁለቱ ያያሉ፣ አራተኛው ወሬ ይጀምራል። ስለዚህ 24ቱን ሁለት ሁለት አድርገው በኮምፒውተሮቹ ያስቀምጡ፤ የቀሩት 24 በእውነተኛ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ይሥሩ፤ በክፍለ ጊዜው አጋማሽ ይቀያየሩ። ማውስ የያዘው ተማሪ ጓደኛው ያላዘዘውን ነገር እንዳይነካ ሕግ ያውጡ። ማዘዝ የሚችለው የገባው ብቻ ስለሆነ ያልገባው ወዲያው ይታወቃል።

በኮምፒውተሮቹ ላይ "ፌት" የተባሉትን ነፃ ሲሙሌሽኖች (ሙከራን በስክሪን ላይ አስመስለው የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) እመክርዎታለሁ። እነዚህ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሩት ሥራ ሲሆኑ ከእነርሱ አንዱ የኤሌክትሪክ ዑደት መገጣጠሚያ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ወረቀት ይቅደም። አንድ ባትሪና ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በተከታታይ (አንዱ ከሌላው ቀጥሎ በአንድ መስመር) የተያያዙበትን ሥዕል ሰጥተው "የትኛው አምፖል ይበልጥ ይደምቃል? ለምን?" ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ነው ይላሉ፤ የኤሌክትሪክ ጅረት በመጀመሪያው አምፖል ሲያልፍ ከፊሉ የሚያልቅ ይመስላቸዋልና። መልሱን በእስክሪብቶ ጽፈው ሲጨርሱ ሲሙሌሽኑን ይክፈቱ። አምፖሎቹ እኩል ሲበሩ፣ የጅረት መለኪያው አሜትርም ከአንደኛው በፊት፣ በመካከልና ከሁለተኛው በኋላ አንድ ቁጥር ሲያሳያቸው፣ ስሕተቱ በገዛ እጃቸው ጽሑፍ ፊታቸው ስለሚቆም "ድሮም አውቀው ነበር" ማለት አይችሉም።

ከዚያ ሁለቱን አምፖሎች በትይዩ (እያንዳንዱን በየራሱ መስመር ከባትሪው ጋር) ያያይዙ። ከባትሪው የሚወጣው ጅረት ቀድሞ ከነበረው 4 እጥፍ ይሆናል፤ ለምን 2 እጥፍ ብቻ እንዳልሆነ ራሳቸው ያስሉ። በእውነተኛው አምፖል የለኩት ቡድኖች ግን በትክክል 4 አያገኙም፤ የአምፖሉ ክር ሲግል ሬዚስታንሱ (ጅረትን የመግታት አቅሙ) ይጨምራልና። ይህ ልዩነት ለእኔ የምዕራፉ ምርጥ ውይይት ነው፣ አይዝለሉት።

ጥያቄ (ከፊዚክስ መምህር)

ከልብ አመሰግናለሁ። ችግሩ ኮምፒውተር ክፍሉ ከመማሪያ ክፍላችን የራቀ ስለሆነ ግማሹን ክፍል ያለ መምህር ትቼ መሄድ አልችልም። ኢንተርኔቱንስ ምን ላድርገው?

መልስ (ከቤተ ሙከራ)

ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ይውሰዷቸው፤ ባትሪና ሽቦ የያዙት በመካከል ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይም ቢሆን መሥራት ይችላሉ። ቦታ ፈጽሞ ካልበቃ አራት አራት ይሁኑ፤ ነገር ግን የግምት ወረቀቱ ለቡድን ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተማሪ ይሰጥ።

መልስ (ከገመድ)

ስለ ኢንተርኔቱ አጭር መልስ አለኝ፦ በክፍለ ጊዜው ኢንተርኔት አያስፈልግዎትም። "ቤተ ሙከራ" የተባሉት መላሽ የጠቀሷቸው ሲሙሌሽኖች እንደ አንድ ፋይል ስለሚወርዱ በፍላሽ ዲስክ ወደ 12ቱም ገልብጠው ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር መክፈት ይቻላል። ቪዲዮና መልመጃ ከፈለጉ "ኮሊብሪ" የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። ካን አካዳሚ የተባለውን ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ትምህርቶች አንድ ጊዜ ካወረዱበት በኋላ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በውስጥ ኔትወርክ ከእርሱ ይወስዳሉ፤ መምህሩ የሚያዘጋጀው አጭር ፈተናም አለው። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ደግሞ "ኪዊክስ" አለ። አደራ የምልዎት አንድ ነገር ነው፤ በዋዜማው 12ቱንም በአንድ ጊዜ ከፍተው ይሞክሩ፤ በአንዱ ላይ መሥራቱ በሁሉም ላይ ለመሥራቱ ዋስትና አይሆንም።

መልስ (ከአራሚ)

በሐሳቡ ብስማማም ጥድፊያው ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ሪፖርት በትምህርት ቤት ኮምፒውተርን በመጠኑ የሚጠቀሙ ተማሪዎች አልፎ አልፎ ከሚጠቀሙት በመጠኑ የተሻሉ፣ እጅግ አዘውትረው የሚጠቀሙት ግን በብዙ ዝቅ ያሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ኮምፒውተር ስለበዛ ብቻ ትምህርት እንደማይጨምር ይጠቁማል። ደግሞም ክለሳን በድጋሚ ማብራሪያ አይጀምሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ቢበልጡም፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ የበለጡት ያነበቡትን ከራሳቸው አውጥተው እንዲጽፉ የተደረጉት ናቸው። ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ማርክ የማይያዝበት የ3 ጥያቄ ፈተና ይስጡ። ከሁሉ በፊት ግን የታረሙትን ወረቀቶች ያውጡና የወደቁት በየትኞቹ ጥያቄዎች እንደሆነ ይዩ።

ምላሽ (ከፊዚክስ መምህር)

ወረቀቶቹን ዛሬ ማታ አየኋቸው። ትርጉም የሚጠይቁትን አብዛኞቹ መልሰዋል፤ የወደቁት በስሌቱ ነው፣ እርሱም ጠመኔ እንዳሉት በስላይድ ያሳለፍኩት ክፍል ነው። ስሌቱን ወደ ሰሌዳ እመልሰዋለሁ፤ የሁለቱን አምፖሎች ጥያቄ ማክሰኞ በወረቀት እሰጣለሁ፤ ሲሙሌሽኑንም ሰኞ ከሰዓት በኋላ በ12ቱም ላይ እሞክራለሁ።